ሽቅብ የሚወጣው ስኪ

የበረዶ ስፖርት ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው ከረጅም መንደርደሪያ ተወርውሮ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ዘላይ ነው። የስኪ ዝላይ ግሩም ውድድር ነው፤ ከመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1924ቱ የሻሞኒ ጨዋታ አንሥቶ ሳይቋረጥ ቆይቷል፤ ዳኞቹም ከርቀቱ ሌላ ለአየር ላይ አቋሙና ለአስተራረፉ ነጥብ ይሰጣሉ። እኔ ግን ልቤ ያለው አገር አቋራጭ ስኪ ላይ ነው። ኢትዮጵያም በክረምት ኦሎምፒክ ስሟ የተጠራው በእሱ ነው።

ስሟን ያስጠራው ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ስኪንም የተማረው እዚያው ነው። በየካቲት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በቱሪን ኦሎምፒክ ባንዲራችንን ይዞ ሲገባ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ፕራጄላቶ ላይ በተካሄደው የ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ውድድር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር ነጻ ስልት 93ኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሶቺም፣ በፒዮንግቻንግም፣ በቤጂንግም ኢትዮጵያዊ አልታየም።

ይህን ውጤት እየጠሩ የሚስቁ ሰዎች ያበሳጩኛል። ከሳቁት መካከል ውድድሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያየ ስንቱ ነው? የቱሪኑን ውድድር ያሸነፈው ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በረዶ ላይ ያደገ ሰው ነው። ስኪ ማለት ቁልቁል መንሸራተት ብቻ የሚመስለው ሰው ደግሞ ልፋቱን አያውቀውም። የአገር አቋራጭ ስኪ መንገድ ሲሶው ዳገት፣ ሲሶው ቁልቁለት፣ የቀረው ወጣ ገባ ነው። ቁልቁለቱ ቶሎ ያልቃል፤ ጊዜውንም ትንፋሹንም የሚበላው ዳገቱ ነው።

ደብረ ታቦር የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ እንዲህ ያለ ውድድር ሳሳየው፣ «ጋሼ፣ ሽቅብ ሲወጣ እንዴት ወደ ኋላ አይንሸራተትም?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ስለ ስኪ ተጠይቄ አላውቅም። በረዶ ላይ እንዲንሸራተት ተብሎ የተሠራ ነገር ዳገት ላይ ቆንጥጦ መያዝን ከየት አመጣው?

መልሱ ስኪው መሀል ላይ ነው። የክላሲክ ስኪ መሬት ላይ ሲቀመጥ ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ጥጥ መንደፊያ ደጋን መሀሉ ከፍ ያለ ነው። ስኪተኛው ክብደቱን በሁለቱም እግሩ ላይ ሲያካፍል በረዶውን የሚነኩት የስኪው ፊትና ኋላ ብቻ ናቸው፤ እነሱ የሚያንሸራትት ሰም ተቀብተዋል። ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ወደ ታች ሲረግጥ ግን ደጋኑ ይተኛል። ያኔ መሀሉ ላይ የተቀባው ሌላ ዓይነት ሰም፣ የሚይዘው ሰም፣ በረዶውን ይነካል። ጥቃቅኖቹ የበረዶ ስለቶች ሰሙ ውስጥ ለቅጽበት ሰርሰር ብለው ይገቡና እግሩ መቆሚያ ያገኛል። ገፍቶ ሲነሣ ደጋኑ ተመልሶ ይነሣል፣ ሰሙም በረዶውን ይለቃል።

ጣጣው ሰሙን መምረጡ ነው። ለቀዝቃዛ በረዶ ጠንካራ ሰም፣ ለሞቅ ያለው ለስላሳ፣ ቀልጦ ዳግም ለረጋው ደግሞ ከቱቦ የሚጨመቅ የሚያጣብቅ ሰም ይፈለጋል። ሰም ቀቢው በስሱ እየደራረበ ይቀባዋል፤ እያንዳንዱንም ድርብ በቡሽ እያሸ ያለሰልሰዋል። ሰሙ ከጠነከረ ስኪተኛው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከለሰለሰ በረዶ እየተጠቀለለበት ይቆማል። ትልልቆቹ ቡድኖች ለዚህ ብቻ የተቀጠሩ ባለሙያዎች ይዘው ይመጣሉ። ብቻውን አገር የወከለ ሰው በዚህም በኩል ምን ያህል ወደ ኋላ ተጎትቶ እንደሚነሣ አስቡት።

የቫንኩቨሩ ነጻ ስልት ግን የሚይዘው ሰም አያስፈልገውም፤ እግርን ወደ ጎን እየገፉ መሄድ ነው።

በረዶ በሌለበት አገርም ልምምዱ ይቻላል። ሮቤል አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የተለማመደው ጎማ በተገጠመለት አጭር ስኪ፣ በሮለር ስኪ ነው። በክላሲኩ ሮለር ስኪ የሰሙን ሥራ የሚሠራው ወደ ፊት ብቻ የሚዞር ጎማ ነው፤ ሲረግጡት ወደ ኋላ አይሄድም።

የደብረ ታቦር ልጆች በእግራቸውና በትንፋሻቸው አይታሙም። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የአገር አቋራጭ መንገድ ከ1,800 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይወጣ ይፈልጋል፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጉና ተራራም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው አስፋልት ለዳገት ልምምድ ይበቃል። የሚሞክር ካለ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አብዛኛው ሮለር ስኪ ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ የራስ ቁር አድርጎ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት ሽቅቡን ብቻ ተለማምዶ፣ ቁልቁሉን በመኪና መመለስ ነው።