ሳቅ ብቻውን ፊልምን ኮሜዲ አያደርግም

በተደጋጋሚ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ተመልካችን ያሳቀ ፊልም ሁሉ ኮሜዲ ይባላል ወይ የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ሳቅ በሐዘን ፊልም ውስጥም ስለሚገኝ ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም። ኮሜዲ እንደ ዘውግ፣ ማለትም እንደ ፊልም ዓይነት፣ በሚከተሉት ነጥቦች ይለያል።

1. የውድቀቱ ልክ፦ አሪስቶትል እንዳስረዳው፣ አስቂኝ ነገር ሕመምም ጥፋትም የማያስከትል ስሕተት በመሆኑ፣ በኮሜዲ ገጸ ባሕርያት ቢወድቁም ውድቀታቸው የሚጠገን ነው።

2. መዋቅር፦ ሳቁ ከገጸ ባሕርያት ጉድለትና ከሁኔታዎች አለመጣጣም የሚወለድና ታሪኩን የሚያራምድ መሆን አለበት። ቀልዱ ሲወጣ ታሪኩ ምንም ሳይጎድል ከቀጠለ፣ ሥራው ቀልድ የተጨመረበት ድራማ እንጂ ኮሜዲ አይደለም።

3. ቁም ነገር፦ ኮሜዲ ከባድ ጉዳይን አይሸሽም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው ተውኔት፣ እንስሳትን ገጸ ባሕርያት አድርጎ የሹማምንትን ብልሹ አሠራር በመተቸቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል፤ ቻርሊ ቻፕሊንም እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው «ዘ ግሬት ዲክታተር» ፊልሙ በሂትለር ላይ ተሳልቋል።

ስለሆነም የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች በፖስተራቸው ላይ «ኮሜዲ» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ሥራቸውን በእነዚህ ነጥቦች ቢመዝኑ ተመልካችን ያከብራሉ።