ደቦ በስልክ ውስጥ

በጉና ግርጌ ገብስ ሲደርስ አጨዳው ለአንድ ሰው አይተውም። በረዶ ሳይቀድመው ጎረቤት በደቦ ይወጣል። አንድ ሰው በአሥር ቀን የሚያጭደውን አሥር ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክም ዛሬ የሚሠራው በደቦ ነው። እንዴት? እንመልከት።

የስልክ ሠራተኞች

ስልክ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። በውስጡ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ ቁራጭ አለ። ስሙ ፕሮሰሰር ነው። ሥራው መደመር፣ ማወዳደርና የታዘዘውን መፈጸም ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ትእዛዙን የሚፈጽመው ክፍል ኮር ይባላል። ኮር ማለት እንደ አንድ ሠራተኛ ነው።

ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር አንድ ኮር ብቻ ነበረው። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል የመሐንዲሶቹ ጥረት ያንኑ አንድ ሠራተኛ ማፍጠን ነበር። ሠራተኛው ግን በፈጠነ ቁጥር ጋለ፤ ኤሌክትሪክም ፈጀ።

በሬም እንዲሁ ነው። በጅራፍ ብታጣድፉት ትንሽ ይፈጥናል፤ ከዚያ ግን ያለከልካል፣ ይተኛል። ብልህ ገበሬ በሬውን አይገድልም፤ ሌላ ጥማድ ይጨምራል። መሐንዲሶቹም ይህንኑ አደረጉ። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1994 ዓ.ም. ሁለት ኮር በአንድ ቁራጭ ላይ አኖረ። በ1997 ዓ.ም. ይኸው አሠራር በቤትና በቢሮ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ዛሬ ብዙ ስልኮች 8 ኮር አላቸው።

ክር ምንድን ነው?

እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን በአከንባሎ ከድና ዝም ብላ አትቆምም። ወጡን ታማስላለች፤ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ተመልሳ እንጀራውን ታወጣለች። ሴትዮዋ አንድ ናት፤ የያዘችው ሥራ ግን ሦስት ነው።

በኮምፒዩተርም አንዱ የሥራ መስመር ክር ይባላል። አንድ ኮር ብዙ ክር ይይዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ ፈጥኖ ስለሚዘዋወር ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚሠራ ይመስለናል። ኮሮቹ ብዙ ሲሆኑ ግን ክሮቹ በእርግጥም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ይህ ብዙ ሴቶች ብዙ ምጣድ ጥደው እንደሚጋግሩበት የድግስ ቤት ነው።

ደቦ ደንብ ይፈልጋል

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ እየተለመደ መጥቷል። ታዲያ በሂሳባችሁ 1000 ብር አለ እንበል። የገብስ ዋጋ 300 ብር፣ የድንች ዋጋ 500 ብር በአንድ ቅጽበት ተላከላችሁ። ሁለት ክሮች ተነሡ። ሁለቱም መዝገቡን አዩ፤ ሁለቱም 1000 አነበቡ። አንደኛው 300 ደምሮ 1300 ጻፈ። ሁለተኛው ባነበበው ላይ 500 ደምሮ፣ በላዩ 1500 ጻፈበት። 1800 መሆን ነበረበት እኮ! የገብሱ 300 ብር የት ገባ? ሌባ አልወሰደውም፤ ደንብ ማጣት በላው።

ስለዚህ ሥርዓቱን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ለመዝገቡ ቁልፍ ያበጁለታል። አንዱ ክር ቁልፉን ይዞ አንብቦ፣ ደምሮ፣ ጽፎ እስኪለቅ ድረስ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል።

ቁልፍም ደንብ አለው። አንዱ ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ቀንበር ቢጠብቅ፣ ሌላው ቀንበሩን ይዞ ሞፈር ቢጠብቅ፣ ማንም አያርስም፤ መሬቱ ጦም ያድራል። ስልክ አንዳንዴ ድርቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሁሉም በአንድ ተራ እንዲወስድ ማድረግ ነው፤ አስቀድሞ ቀንበር፣ ቀጥሎ ሞፈር።

ብዛት ብቻውን አይበቃም

አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄድ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጎትቶታል። ነገር ግን ፊት ፊት መንገድ መጥረግ ነበረበት። መንገዱ ሳይሠራ ሳቢው ሺህ ቢሆን መድፉ አይራመድም። በኮምፒዩተርም አንዱ ሥራ የሌላውን ማለቅ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ኮር ቢበዛ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

እንግዲህ ነጋዴው «ይኼ ስልክ 8 ኮር ነው» ብሎ ዋጋ ቢቆልልባችሁ፣ የበጋችሁን ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ከስምንቱ አንዳንዶቹ፣ አንዳንዴም ሁሉም፣ ባትሪ እንዲቆጥቡ የተሠሩ ዝግተኛ ኮሮች ናቸው። ለመነጋገር፣ መልእክት ለመላክና ገንዘብ ለመቀበል ጥቂት ኮር ይበቃል። ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መሐንዲሶቹ አንዱን ኮር ማፍጠን ትተው ኮር የጨመሩት ለምንድን ነው?
2. በምሳሌው 300 ብሩ የጠፋው እንዴት ነው? በቁልፍስ እንዴት ይድናል?
3. በቀበሌያችሁ በደቦ የሚፈጥነው የትኛው ሥራ ነው? ሰው ቢበዛም የማይፈጥነውስ?