የጌታውን ርስት በ300,000 ዶላር የገዛው ሰው

በ1866 ኖቬምበር በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት አንድ የመሬት ሽያጭ ውል ተፈረመ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሻጩ ጆሴፍ ኤሞሪ ዴቪስ የሚባል የ81 ዓመት ሽማግሌ ሲሆን፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ከግዛቲቱ ዋና ዋና ባለጸጎች አንዱ ነበር። ገዢው የ47 ዓመቱ ቤንጃሚን ቶርንተን ሞንትጎመሪ ነው። መሬቱ 4,000 ኤከር ያህል ይሆናል፤ በእኛ የቆየ ልኬት 40 ጋሻ ገደማ። ዋጋው 300,000 ዶላር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ገዢው ራሱ የሻጩ ንብረት ነበር፤ እንደ በቅሎውና እንደ ጥጥ መዳመጫው በንብረት ዝርዝር ውስጥ የሚቆጠር።

ውሉ ሁለት እርሻዎችን ይዟል። አንደኛው ሃሪኬን የሚባለው የጆሴፍ መኖሪያ ነው። ሁለተኛው ብራየርፊልድ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ያለማው የጆሴፍ ታናሽ ወንድም ጄፈርሰን ዴቪስ ነው፤ ባርነትን ለማቆየት ከአሜሪካ የተገነጠለው የደቡብ መንግሥት ፕሬዚዳንት። ውሉ ሲፈረም ጄፈርሰን ቨርጂኒያ ውስጥ በፎርት ሞንሮ ምሽግ ታስሮ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የተዋጋለት ሥርዓት ፈርሶ እሱ እስር ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ የወንድሙ ባሪያ የነበረ ሰው እሱ ይኖርበት የነበረውን ቤት ገዛ። የሞንትጎመሪ ቤተሰብም እዚያው ብራየርፊልድ ገብቶ ኖረ።

ሽያጩ መጀመሪያ ላይ በምስጢር ነው የተያዘው። የሚሲሲፒ ምክር ቤት በ1865 ባወጣው ሕግ፣ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ከከተማ ክልል ውጭ መሬት መከራየት እንኳ አይችሉም ነበር።

300,000 ዶላር ምን ያህል እንደሆነ በዚያ ዘመን ሚዛን እንየው። ከጦርነቱ ማግስት በደቡብ የነበረ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ከቀለቡ ሌላ የሚያገኘው በወር ወደ 10 ዶላር፣ በዓመት ወደ 120 ዶላር ነው። በዚህ ደመወዝ አንድ ሰው ሳንቲም ሳያጎድል ቢያጠራቅም መሬቱን ለመግዛት 2,500 ዓመት ያስፈልገዋል። ሌላም ስሌት አለ፤ እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ጦርነቱ ሊነሳ ሲል በ1860 የአንድ ባሪያ አማካይ ዋጋ 800 ዶላር ገደማ ነበር። ጆሴፍ ዴቪስ በዚያ ጊዜ ከ300 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። 300,000ን ለ800 ስናካፍል 375 ይመጣል። ሞንትጎመሪ ለመሬቱ እንዲከፍል የተጠየቀው ዋጋ፣ ጌታው በነፃነት አዋጁ ምክንያት ካጣቸው ሰዎች የገበያ ዋጋ እምብዛም አይርቅም። ሁለቱን ቁጥሮች ሆን ብሎ ያቀራረበ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያንን ደን የመነጠሩት፣ ግድቡን የከመሩት፣ ጥጡን የለቀሙት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ አሁን ደግሞ ላባቸው የፈሰሰበትን መሬት ከነወለዱ ሊከፍሉበት ነው።

ቤንጃሚን በ1819 ቨርጂኒያ ውስጥ በላውደን አውራጃ ተወለደ። በ1836፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ለደቡብ ነጋዴ ተሸጦ ናቸዝ ወደምትባለው የሚሲሲፒ ከተማ ተወሰደና ጆሴፍ ዴቪስ ገዛው። ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ ተይዞ ተመለሰ። ጆሴፍ ከመግረፍ ይልቅ ለምን እንደሸሸ ጠየቀው። ይህ ጌታ እንግዳ ሰው ነበር። በ1825 በፈረስ ጋሪ ጉዞ ላይ ከዌልሳዊው የማኅበራዊ ለውጥ አራማጅ ከሮበርት ኦወን ጋር ተገናኝቶ በሐሳቡ ተማርኳል፤ በእርሻውም ላይ ባሪያዎች ራሳቸው የሚዳኙበት ችሎት አቋቁሟል። ደግነቱን ሳነብ ግን ከ300 በላይ የሚለውን ቁጥር አልረሳም። ችሎት የፈቀደላቸው ሰዎች ያችን እርሻ ለቀው መሄድ አይችሉም ነበር።

ያም ሆነ ይህ የጆሴፍ ቤተ መጻሕፍት ለቤንጃሚን ተከፈተለት። ከዚያ በኋላ የተማረውን መቁጠር ያዳግታል። መሬት መለካት ተማረ፤ ሕንጻ መንደፍ ተማረ፤ ሚሲሲፒ ወንዝ ሲሞላ እርሻውን እንዳይውጠው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ሠራ፤ የእንፋሎት ሞተርና የጥጥ መዳመጫ ጠገነ። በ1842 ደግሞ እዚያው እርሻው ላይ ሱቅ ከፈተ። ባሪያዎቹ ከጓሯቸው ያመረቱትን አትክልት፣ ዶሮና እንቁላል እንዲሁም የፈለጡትን እንጨት አምጥተው በጨርቃ ጨርቅና በሸቀጥ ይለውጡ ነበር። ከኒው ኦርሊንስ ጅምላ ነጋዴዎች ዘንድ በራሱ ስም ዱቤ ተከፈተለት። በሕግ ፊት ራሱ ዕቃ ተደርጎ የሚቆጠር ሰው ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፤ ዕዳውንም ይከፍላል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው አንድ ክፍያ ነው። ቤንጃሚን በ1840 ሜሪ ሉዊስን አግብቶ ዊልያም ቶርንተን፣ አይዛያ፣ ሜሪ ቨርጂኒያና ርብቃ የተባሉ ልጆች ወልደዋል። ሜሪም የጆሴፍ ንብረት ነበረች። ቤንጃሚን ከሱቁ ትርፍ የጉልበቷን ዋጋ ለጆሴፍ እየከፈለ ሚስቱ ቤቷ ሆና ልጆቿን እንድታሳድግ አደረገ። አንድ አባት ሚስቱ እናት ትሆን ዘንድ ለሌላ ሰው ኪራይ ይከፍላል። ከዚህ ተራ የሂሳብ መዝገብ መስመር ይልቅ የባርነትን ምንነት በግልጽ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የፈጠራ ሥራውም የደረሰበት ይኸው ነው። በወንዙ ዳር ጭነት የሚያመላልሱ የእንፋሎት መርከቦች ጥልቀት በሌለው ውኃ እየተቸገሩ ስለነበር፣ ቤንጃሚን ለዚያ የሚስማማ ተሽከርካሪ መቅዘፊያ ሠራ። በ1858 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄረማያ ብላክ፣ የባሪያ ፈጠራ በባሪያውም በጌታውም ስም ሊመዘገብ አይችልም የሚል አስተያየት ሰጠ። ባሪያው ዜጋ አይደለም፤ ጌታው ደግሞ ፈጣሪው እኔ ነኝ ብሎ መማል አይችልም። የዴቪስ ወንድማማቾች በራሳቸው ስም ለማስመዝገብ ሞክረው አልተሳካላቸውም። የተገነጠለው የደቡብ መንግሥት ሲቋቋም ግን በ1861 ጌቶች በባሪያዎቻቸው ፈጠራ ላይ መብት እንዲያወጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

ጦርነቱ በ1862 ወደዚያ አካባቢ ሲደርስ ጆሴፍ ሸሸ፤ የሃሪኬንን ትልቅ ቤት የሰሜኑ ወታደሮች አቃጠሉት። የሞንትጎመሪ ቤተሰብ ለጥቂት ጊዜ ወደ ኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ከተማ ሄደ። በዚህ መካከል የሰሜኑ ጦር መሬቱን ነፃ ለወጡ ሰዎች ሰጥቶ እንዲያርሱ ፈቀደ። በ1865 ሕፃናትን ጨምሮ 1,750 ሰዎች በ181 ቡድን ተደራጅተው አረሱ። በዓመቱ መጨረሻ ወጪያቸው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው ገንዘብ 159,200 ዶላር ሆነ። ለሕፃኑም ለሽማግሌውም በነፍስ ወከፍ ሲካፈል 91 ዶላር ያህል ነው፤ የአንድ ጎልማሳ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ሦስት አራተኛ። ነፃ የወጣ ሰው ያለ አለንጋ አይሠራም ይሉ ለነበሩት ሁሉ ይህ ቁጥር ብቻውን በቂ መልስ ነበር።

ከዚያ ሽያጩ መጣ። ቤንጃሚን በቪክስበርግ ጋዜጣ ላይ ጥቁሮች ብቻ የሚኖሩበት ማኅበረሰብ ለማቋቋም እንዳሰበ አስታወቀ። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ነው፤ 18,000 ዶላር። ይህ ወለድ ብቻ ነው፤ ሁሉ በጊዜው ቢከፈል እንኳ ከዋናው ዕዳ አንድ ዶላር አይቀነስም። የመጀመሪያው ዓመትም ከባድ ሆነ። በ1867 ጸደይ ሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ እርሻውን ከየብስ የሚያገናኘውን ጠባብ የምድር አንገት ቆርጦ አለፈ፤ ያ ሁሉ እርሻ በአንድ ጊዜ ደሴት ሆነ። ጆሴፍ ለእውነቱ ከሆነ ክፍያውን አቀለለት። በዚያው ዓመት ቤንጃሚን በወታደራዊ አዛዡ በጄኔራል ኤድዋርድ ኦርድ ሹመት የአጥቢያ ዳኛ ሆነ፤ በሚሲሲፒ ታሪክ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

በ1870ዎቹ መጀመሪያ እርሻው በዓመት እስከ 2,500 እስር ጥጥ ሰጥቷል። አንዱ እስር ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ 5,000 ኩንታል ያህል ተፈልፍሎና ተዳምጦ በመርከብ ወጣ ማለት ነው። ‹ሞንትጎመሪ እና ልጆቹ› የተባለው የንግድ ቤታቸው ሱቅ፣ መጋዘንና የእንፋሎት ጥጥ መዳመጫ ነበረው። በ1873 የነጋዴዎችን የመክፈል አቅም የሚመዝነው ድርጅት አር ጂ ደን የቤተሰቡን ሀብት 230,000 ዶላር አድርጎ ገመተው። ሜሪ ቨርጂኒያና ርብቃ ኦሃዮ ወደሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ተላኩ፤ ያለ ኪራይ ከእናታቸው ጋር መዋል ያልተፈቀደላቸው ሕፃናት የነበሩ ናቸው። በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው የአሜሪካ መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ ጥጣቸው ተሸለመ።

ታዲያ እንዲህ የሰመረለት ሰው ለምን መክፈል አቃተው? ሰነፍ ነበር፣ ወይም ማስተዳደር አልቻለበትም የሚል ሰው የጥጥን ዋጋ አልተመለከተም። ውሉ በተፈረመበት ጊዜ አንድ ፓውንድ ጥጥ 30 ሳንቲም ያህል ያወጣ ነበር። ባለ 450 ፓውንድ እስር 135 ዶላር ገደማ ያመጣል፤ የዓመቱን ወለድ ለመክፈል 133 እስር፣ ዋናውን ዕዳ ለመዝጋት 2,200 እስር ያህል ይበቃል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፓውንዱ ወደ 11 ሳንቲም ወረደ። አሁን ለወለዱ ብቻ ከ360 በላይ እስር፣ ለዋናው ከ6,000 በላይ እስር ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ያለው 300,000 ቁጥር ንቅንቅ አላለም፤ በጥጥ ሲመነዘር ግን ወደ ሦስት እጥፍ አደገ። ያው መሬት፣ ያው ወንዝ፣ ያው ትጋት። በዚያ ላይ የ1873 የገንዘብ ቀውስ ብድር አደረቀ፤ ቤንጃሚን በበኩሉ ለተከራይ ገበሬዎቹ በዱቤ የሰጠው ሳይመለስ ቀረ።

ጆሴፍ በ1870 ሲሞት ወራሾቹ ሞንትጎመሪን እንዲታገሡት በኑዛዜው አሳስቦ ነበር። ጄፈርሰን ግን በ1874 ብራየርፊልድ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰ። በመጀመሪያው ፍርድ ተሸነፈ፤ በ1878 የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ቤንጃሚን ያንን ፍርድ አልሰማም። በ1874 መጨረሻ የሚፈርስ ግድግዳ ወድቆበት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ በሜይ 1877 አረፈ። በ1881 መሬቱ በዕዳ ምክንያት ወደ ዴቪስ ቤተሰብ ተመለሰ። አሥራ አምስት ዓመት በገዢነት ቆይተውበት ነበር።

ልጆቹ ግን አባታቸው የጀመረውን ሌላ ቦታ ቀጠሉት። ዊልያም ቶርንተን ወደ ሰሜን ዳኮታ ተጉዞ ከ1,000 ኤከር በላይ ስንዴ አረሰ። በልጅነቱ የጆሴፍ ዴቪስ ጸሐፊ የነበረው አይዛያ ደግሞ በ1887 ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆኖ በሚሲሲፒ ዴልታ ረግረጋማ ጫካ ውስጥ ማውንድ ባዩ የተባለች የጥቁሮች ከተማ ቆረቆረ። ሃያ ዓመት ሲሞላት 30,000 ኤከር በሚሆነው የሰፈራው ምድር ላይ 800 ያህል አባወራና ወደ 4,000 ሕዝብ ይኖር ነበር። የራሷ ባንክም ነበራት። የሰፈራው ምድር የአይዛያ አባት በዱቤ ከገዛው ሰባት እጥፍ ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

የአይዛያን ሌላ ቁጥር መዝለል ግን ለታሪኩ ታማኝ አለመሆን ይመስለኛል። ሚሲሲፒ በ1890 አዲስ ሕገ መንግሥት ስታረቅቅ ከ134 ተወካዮች መካከል ጥቁሩ እሱ ብቻ ነበር። ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያስወጣውን አንቀጽ ደግፎ ድምፅ ሰጠ። በዚህ ዋጋ ሰላም እንገዛለን ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ከተማውን ለማትረፍም ይሆናል። ቆይቶም ብዙዎች ከሃዲ አሉት፤ እኔም ሐዘኔ እንጂ ቁጣዬ አይበዛም፣ ምክንያቱም ያደገው እያንዳንዱ ነገር ዋጋ በተለጠፈበት ቤት ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ 147,000 ያህል የሚሲሲፒ ጥቁሮች መካከል በመራጭነት የተመዘገቡት ከ9,000 ያንሱ ነበር። አይዛያ በ1924 እስኪሞት በዚያች ከተማ ኖረ፤ ማውንድ ባዩ ዛሬም አለች፣ ነዋሪዎቿም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮች ናቸው።