«ይገኛሉ» ወይስ «አይገኙም»? ለክብር ጥሪ የሚጻፈው መልስ

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለ ዘመድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ልኮላችሁ ያውቃል? ታች ጥጉ ላይ ብዙ ጊዜ «አር ኤስ ቪ ፒ» የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት አሉ። ከፈረንሳይኛ የመጣ ምሕጻር ነው፤ «እባክዎ መልስ ይስጡ» ማለት ነው። ብዙዎቻችን እንደ ካርዱ ጌጥ ቆጥረን እናልፈዋለን። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሚጠበቀው መልስ ነው፤ መላሹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነዋ!

ደንቡ መልሱ የጥሪውን አጻጻፍ እንዲከተል ነው። ጥሪው «አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት በልጃቸው ሠርግ ላይ እንዲገኙላቸው በአክብሮት ይጠይቃሉ» ካለ፣ መልሱም በዚያው ቃና «አቶ እንቶኔና ወይዘሮ እንቶኒት የአቶ እገሌንና የወይዘሮ እገሊትን ጥሪ በታላቅ ደስታ ተቀብለዋል፤ ቅዳሜ ሰኔ 6 ቀን ከቀኑ በ10 ሰዓት ይገኛሉ» ይላል። «እኔ» የሚል ቃል የለም፤ «እንደምን ከረማችሁ» የለም፤ ስሙ ውስጡ ስላለ ፊርማም አያስፈልግም። በእጅ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ፣ መስመሮቹ እንደ ካርዱ መሀል መሀሉን ተደርድረው ይጻፋል። ጥሪው ተራ የወዳጅ ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ መልሱም ተራ ደብዳቤ ይሆናል።

አሁን ደስ የሚለኝ ቦታ ላይ ደረስን። የሚመጣ ሰው ቀኑንም ሰዓቱንም ደግሞ ይጽፋል፤ የማይመጣ ሰው ግን ቀኑን ብቻ ጠቅሶ ሰዓቱን ይተወዋል። ለምን? የማይመጣ ሰው ሰዓቱ ምን ያደርግለታል! የሚመጣው ግን አሳስቶ አንብቦ ከሆነ ጠሪው መልሱን ሲያይ ያርመዋል። ይኼ ከማንም በላይ ለእኛ ይጠቅመናል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት የተባለው በእኛ 10 ሰዓት መሆኑን ዘንግቶ ረፋዱ ላይ ሱፍ ለብሶ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋምና።

እምቢታውም አጭር ነው። «ቀደም ብሎ በተያዘ ቀጠሮ ምክንያት መገኘት ስለማይችሉ እጅግ ያዝናሉ» ከተባለ በቂ ነው፤ ምክንያቱን ጨርሶ ባይጠቅሱትም ነውር የለበትም። እኛ «ጠሪ አክባሪ ነው» ብለን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ እንቸገራለን። አልመጣም ማለት ማዋረድ ስለሚመስለን «እንሞክራለን»፣ «እግዜር ካለ» ብለን እናድበሰብሳለን። ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሚበላበት ሠርግ ይኼ ማንንም አይጎዳም። ምግብ በሰው ቁጥር በሚከፈልበት አዳራሽ ግን ባዶ የሚቀረው ወንበር ዋጋ ተከፍሎበታል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በጊዜ የተነገረ «አንችልም» ከዘገየ «እንሞክራለን» የበለጠ አክብሮት አለው።

ለእምቢታ ምክንያት የሚጠየቅበት ቦታ ግን ነበር። ኤሚሊ ፖስት የተባለችው አሜሪካዊት በ1922 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ዝነኛ የሥነ ምግባር መጽሐፏ፣ ከዋይት ሐውስ የሚመጣ የእራት ጥሪ እንደ ትእዛዝ ስለሚቆጠር ሌላውን ቀጠሮ ሁሉ ይሽራል ትላለች። ከዚያ ለመቅረት ሕመም፣ የቅርብ ዘመድ ሐዘን ወይም ከዋሽንግተን ርቆ መገኘት ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም በመልሱ ላይ ይጻፍ ነበር።

እሺ ብሎ መቅረት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል የሚተርከው ታሪክ አለ። በ1898 እ.ኤ.አ. ዉልፍ ጆኤል የተባለ ባለሀብት 14 ሰው እራት ሊያበላ አስቦ አንድ ሰው ይቀርና 13 ይሆናሉ። በእነሱ ዘንድ 13 ሆኖ ማዕድ መቀመጥ ገደቢስ ነው፤ መጀመሪያ የተነሣ ይሞታል ተባለ፤ ጆኤል ንቆት ተነሣ። ከሳምንታት በኋላ ጆሃንስበርግ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ሆቴሉ ከዚያ በኋላ 13 ለሚሆኑ እንግዶች ከሠራተኞቹ አንዱን ያስቀምጥ ጀመር፤ በ1927 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካስፓር የሚባል ጥቁር የእንጨት ድመት አስቀረጸ። ድመቱ አንገቱ ላይ ናፕኪን ይታሰርለታል፤ ምግቡም በተራው ይቀርብለታል! በገደቢስነቱ ባላምንም የቀሪው ሰው ወንበር እንዲህ ሲሟላ ማየት ያስቀኛል።

ፖስታው ላይ የተጻፈውንም ስም ልብ በሉ። የእኛ ካርድ ብዙ ጊዜ «ከነቤተሰብዎ» ስለሚል ልጆቹን ይዞ መሄድ መብት ነው። እዚያ ግን የተጠራው ስሙ የተጻፈው ብቻ ነው፤ በመልሱ ላይ የሦስት ልጆች ስም መጨመር ጠሪውን ጭንቅ ውስጥ ይከታል።

በመጨረሻ፣ ከአራቱ ፊደላት ይልቅ «የማይገኙ ከሆነ ብቻ ያሳውቁ» የሚል ካርድ ከደረሳችሁ ሒሳቡ ይገለበጣል። ዝም ያለ ሁሉ እንደሚመጣ ይቆጠራል፤ ሳህኑም ይቀመጥለታል።