አስታማሚውንስ ማን ያስታምመው?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በአገራችን ልማድ በሽተኛ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ሁለት ምርቃት ይዞ ይገባል። ለታመመው «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ቀጥሎም በአልጋው አጠገብ ወደ ተቀመጠችው እናት ወይም ሚስት ዘወር ብሎ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ይላል። ይህ ሁለተኛው ቃል ትንሽ መስሎ ቢታይም ትልቅ ዕውቀት ያለበት ነው። አንድ ሰው ሲታመም አስታማሚውም የሕመሙ ተካፋይ መሆኑን አባቶቻችን ተረድተው፣ ለእርሱም የሚገባውን የማጽናኛ ቃል ለይተው ሰጥተውታል።

ነገር ግን የታመመው አእምሮ በሆነ ጊዜ ይህ መልካም ልማድ ይቋረጣል። በወባ የተያዘውን ጎረቤቱን ለመጠየቅ የሚሽቀዳደም ሰው፣ አእምሮው የታወከውን ወጣት ቤት በሩቁ ያልፈዋል። ቤተ ሰቡም አፍሮ በሩን ይዘጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ስንተርት፣ ይህን በሽታ ግን የምናስደብቀው እኛው ራሳችን ነን። ስለዚህ ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሥራ ምን እንደ ሆነና የአስታማሚው ደኅንነት ለበሽተኛው መዳን ምን ያህል እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር። ከጎንደር የተነሣ ቤተ ሰብ በሽተኛውን ይዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ግን በዓለም የጤና ድርጅት ርዳታ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ትምህርት በአማኑኤል ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተልከው ሕክምናውን ወደ ሕዝቡ አቀረቡት።

የጎንደር ከተማም ለዚህ ዐይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ሲያሠለጥን፣ ሕክምና በሆስፒታል ግቢ ብቻ የሚወሰን ሳይሆን እስከ መንደርና እስከ ቤት ድረስ የሚዘልቅ መሆኑን ያስተምር ነበር። ያ ኮሌጅ ዛሬ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል።

ከኮሌጁም በፊት ቢሆን ጎንደሬ የአእምሮ ጭንቀትን ለብቻ አልተሸከመውም። በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ፣ ከእርሱም በኋላ አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በጎንደር የዛርን ልማድ ተመልክተው ጽፈዋል። ሜሲንግ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛሩን ስብሰባ ከኅብረት ሕክምና ጋር አስተያይቶታል። ይህን ማንሣታችን ልማዱን ለማወደስ አይደለም። የተጨነቀ ሰው በሰው ተከብቦ መቀመጡ ዋጋ እንዳለው ለማስታወስ ነው እንጂ።

እንግዲህ የነርሱ ሥራ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን መርፌ መውጋትና ክኒን ማደል ብቻ ይመስለናል። ለምሳሌ ከደባርቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ልጅዋን ወደ ጎንደር ያመጣች እናት እናስብ። ልጁ «ጎረቤቶቻችን ሊመርዙኝ ነው» እያለ ሌሊቱን አይተኛም። እናቱ «ውሸት ነው!» ብላ ስትቈጣው ይብስበታል፤ «እውነትህን ነው» ብትለውም ፍርሃቱን ታጸናለታለች። ነርሱ የሚያስተምራት ሦስተኛውን መንገድ ነው። ይኸውም ስለ መርዙ ሳትከራከር «እንደ ፈራህ ይታየኛል፤ እኔ ግን አጠገብህ ነኝ» ማለትን ነው።

ቀጥሎም ስለ መድኃኒቱ ያስረዳታል። መድኃኒቱ ሰውነትን ሊያደርቅ፣ እጅን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ለሐኪሙ ነግሮ ማስተካከል እንጂ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚያስቸግረው በየወሩ ገደማ የሚወሰድ መርፌ አለ። ደግሞም ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ። በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ በሽተኞች መድኃኒታቸውን ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ረኃብ የሚያስታግሥ እህል በቤት አለመኖሩ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ለምን ተወ?» ብሎ ከመውቀስ በፊት «በቤቱ ምን ይበላል?» ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ስለ ጸበልም ብዙ ክርክር ይነሣል። ጸበልና መድኃኒት የግድ ባላጋራዎች አይደሉም። ባለሙያ የሆነ ነርስ የቤተ ሰቡን እምነት አይነቅፍም፤ በሽተኛው ጸበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥና እንዳይታሰር፣ ከቤተ ሰቡና ከአጥማቂው ጋር ይመካከራል እንጂ።

ስለ መታሰር ካነሣን አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ልጁን በሰንሰለት የሚያስር አባት የሚያደርገው ሁልጊዜ በጭካኔ አይደለም። በስሜን ደጋ ገደሉ ቅርብ ነው፤ እርሻው ሰው ይፈልጋል፤ ሌሊቱን የሚጠብቅ ተተኪ የለም። ሰንሰለቱ የበሽተኛውን ክብርና አካል ይጎዳል፤ ሊቀርም ይገባዋል። ነገር ግን አስታማሚውን ብቻውን ትተን ሰንሰለቱን ብቻ ብናወግዝ ምንም አልረዳንም።

አስታማሚው ምን እንደሚሸከም ጥናት መስክሯል። በ2001 በታተመ የቡታጅራ ጥናት ከተጠየቁት 178 የሕሙማን ዘመዶች መካከል 75 ከመቶ የሚሆኑት ከሰው መገለልን እንደ ቀመሱ ወይም እንደ ተሰማቸው ተናግረዋል። በለንደን ደግሞ ጆርጅ ብራውንና ባልንጀሮቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ምርምር፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ወቀሳና ቍጣ ወደ በዛበት ቤት የተመለሰ በሽተኛ ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽበት ተረዱ። ይህ ማለት ግን በሽታውን ያመጣው ቤተ ሰቡ ነው ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ገንዘቡ ያለቀበት፣ የሚጠይቀው ሰው ያጣ አስታማሚ መቈጣቱ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ምርምሮች ቤተ ሰቡን ማስተማርና ማገዝ ሕመሙ እንዳያገረሽ እንደሚረዳ ታውቋል። ስለዚህ አስታማሚውን መርዳት ከሕክምናው ክፍል አንዱ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችሁ መጠን፣ ይህ ነገር ከመሥሪያ ቤታችሁ በር ውጭ የቀረ አይምሰላችሁ። ዘወትር አርፍዶ የሚገባው፣ በመዝገቡ ላይ የሚያንቀላፋው ባልደረባችሁ ምናልባት ሌሊቱን ወንድሙን ሲጠብቅ ያደረ ይሆናል። አለቃው ከመገሠጹ በፊት ለብቻው ጠርቶ ቢጠይቀው፣ በሽተኛው ወደ ሐኪም በሚቀርብበትም ቀን ፈቃድ ቢሰጠው፣ ብዙ ነገር ይድናል።

ዕድራችንም ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ሳለ ግን ለአስታማሚው አንዲት ሌሊት እንኳ ተራ የሚገባለት የለም። «አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሁለት ጎረቤቶች በሳምንት አንድ አንድ ቀን ተራ ቢገቡ፣ እናቲቱ ሁለት ቀን ትተኛለች፤ ገበያም ትወጣለች። አስታማሚም በበኩሉ ድካሙን ለነርሱ መንገር ነውር እንዳይመስለው፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ተስፋ መቍረጡን ሳይደብቅ ይንገር። በሽተኛውም ሌሊት መተኛት ሲያቆም፣ ከሰው ሲሸሽ ወይም መድኃኒቱን ሲጠላ ካየ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ምንም ወጪ የማይጠይቀውን እናድርግ። በሩ ወደ ተዘጋው ቤት ሄደን እናንኳኳ፤ በሽተኛውን በስሙ ጠርተን «እግዚአብሔር ይማርህ» እንበለው። ከዚያም ወደ አስታማሚዋ ዘወር ብለን፣ ዓመታት ሙሉ ማንም ያላላትን ያንን ቃል «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብለን እንስጣት።