ልጅ ወላጁን ሲቀድም፦ ባህል የወላጆችን ሐዘን እንዴት ይቀርጻል?

በሰሜን ለንደን፣ ሃምፕስቴድ በተባለው ሰፈር፣ ዛሬ ቤተ መዘክር የሆነ አንድ የጡብ ቤት ይገኛል። የሥነ ልቦና ሕክምና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ከቪየና ከመጣ በኋላ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚህ ቤት ነው። ፍሮይድ በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐዘንተኛ ልቡን ከሞተበት ሰው ቀስ በቀስ አላቅቆ ወደ ሕይወት እንደሚመለስ አስተምሮ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1920፣ ሶፊ የተባለች ልጁ በኢትዮጵያ «የኅዳር በሽታ» እየተባለ በሚታወሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዘመን በዚያው ሕመም ሞተች። በ1929፣ ሶፊ በሕይወት ብትኖር ኖሮ 36 ዓመት በሚሞላት ቀን፣ ልጁ ለሞተበት አንድ ሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ልጅ ትቶት የሚሄደውን ክፍተት የሚሞላ ምንም ነገር እንደሌለ፣ ባይሞላም እንደሚሻል ገለጸለት። ሊቁ ያስተማረውና አባቱ ያየው አልተገናኙም።

ልጅ የቀደመው ወላጅ ሐዘን በመንፈስ ብቻ የሚቀር አይደለም። በለንደን የሚታተመው ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት በ2003 ያወጣው ጥናት ልጅ የሞተባቸውን ከ21 ሺህ በላይ የዴንማርክ ወላጆች ተከታትሎ ነበር። በጥናቱ መሠረት ልጅ የሞተባቸው እናቶች የሞት መጠን ይህ ካልደረሰባቸው እናቶች በ43 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሐዘንተኛ ወላጅ ምን ይደገፋል፣ እንዴትስ ይጽናናል የሚለው ጥያቄ የጤና ጥያቄም ነው።

የዘመናዊው የሐዘን ሳይንስ ዋና ምዕራፎች የተጻፉት በለንደን ነው። በታቪስቶክ የጥናት ማዕከል የሠሩት ጆን ቦውልቢና ኮሊን ሙሬይ ፓርክስ፣ ሐዘን ሰው ከሚወደው ሲለይ የሚነሣ ተፈጥሯዊ ምላሽ መሆኑን አስረዱ። ዴም ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 በደቡብ ለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን የማስታመሚያ ተቋም ሲከፍቱም ፓርክስ አብረዋቸው ሠርተዋል። በመጀመሪያ የተጠኑት ግን በአብዛኛው እንግሊዛውያን ባልቴቶች ነበሩ። ለንደን የዓለም ሕዝቦች መኖሪያ እየሆነች በሄደች መጠን፣ የእነርሱ ሐዘን የሁሉ ሰው ሐዘን ምሳሌ ሊሆን ይችላልን የሚለው ጥያቄ ጎላ። ፓርክስም በ1997 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ሆነው በተለያዩ ባህሎች ስላለው ሞትና ሐዘን የሚናገር መጽሐፍ አዘጋጁ።

የቻይናውያን ወላጆች ሐዘን ጥያቄውን በግልጽ ያሳያል። በኮንፊሽየስ ትምህርት በተቀረጸው ባህል፣ ልጅ ለወላጁ ካለበት ግዴታ ትልቁ ወላጁን መጦር፣ መቅበርና ከሞተም በኋላ ማክበር ነው። በየዓመቱ በሚያዝያ መጀመሪያ በሚውለው የመቃብር መጥረጊያ በዓል ልጆች የአባቶቻቸውን መቃብር ያጸዳሉ፤ ምግብና ዕጣን ያቀርባሉ። ልጅ ሲቀድም ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ቻይናውያን ይህን «ጠጉረ ነጩ ጠጉረ ጥቁሩን ሸኘ» ይሉታል። በብዙ ቦታ ታላቅ ለታናሽ ስለማይሰግድ፣ ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ተከትለው መቃብር ድረስ እንዳይሄዱ ልማዱ ይከለክላል። ሐዘንን በአደባባይ ማብዛትም ሌላውን ሸክም እንደማሸከም ይታያል። በዚህም የተነሣ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን የሚጦራቸውን፣ የሚቀብራቸውንና ስማቸውን የሚያስጠራላቸውን ሰው ያጣሉ፤ ይህንንም በዝምታ ይሸከሙታል።

ከ1980 ገደማ እስከ 2015 በቆየው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን ይህ ሐዘን ይበልጥ በረታ። ብቸኛ ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦች በቻይንኛ «ሺዱ» የሚል ልዩ መጠሪያ አላቸው፤ ቁጥራቸውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በግንቦት 2008 በሲቹዋን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አፍርሶ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችን ሲገድል፣ መንግሥት ለወላጆቹ ሌላ ልጅ እንዲወልዱ ፈቀደ። ፈቃድ የትውልድን ሐረግ ሊቀጥል ይችላል፤ የሞተውን ልጅ ግን አይተካም።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ይመስላል። በኢትዮጵያ ሐዘን የጋራ ነው። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፤ ሣልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ሐዘንተኛውን ደረጃ በደረጃ ወደ ኑሮው ይመልሱታል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ለሁሉም ሟች እኩል አይዘረጋም። በብዙ የገጠር አካባቢዎች፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሳይነሡ የሚሞቱ ሕፃናት ያለ ፍትሐት፣ ያለ ድንኳን፣ በጥቂት ሰዎች ይቀበራሉ። እናቲቱ «እግዜር ይካስሽ» ተብላ እንባዋን እንድትገታ ትመከራለች። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ሆኖም ዘጠኝ ወር የተሸከመችውን ልጅ በአደባባይ እንዳታለቅስለት ያደርጋታል። ቻይናዊው አባትና ኢትዮጵያዊቷ እናት በዚህ ይገናኛሉ፤ ለሽማግሌ ሞት ሰፊ ሥርዓት ያለው ባህል ለልጅ ሞት ጠባብ ሥፍራ ሊኖረው ይችላልና።

ስደት ሲጨመርበት ችግሩ ይከፋል። በ1995 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና ሥነ ልቦና መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ከበጌምድር ወደ እስራኤል የተሰደደች አንዲት እናት ታሪክ ይተርካል። ሕፃኗ በስደቱ መንገድ ላይ ሞተባት። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሕመሟን በሌላ ስም ጠርተው አከሟት። በመጨረሻ የተደረሰበት ግን ባህሏ ከሞት በኋላ የሚያዝዘውን የመንጻት ሥርዓት ሳትፈጽም መቅረቷ ሐዘኗን እንዳወሳሰበባት ነው። መድኃኒት ሲፈለግላት የኖረው ለተከለከለ ሥርዓት ነበር።

የሕክምናው ዓለም ከእንዲህ ያሉ ታሪኮች ተምሯል። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ «የተራዘመ ሐዘን»ን እንደ ሕመም አስገብቷል። ይሁን እንጂ ሐዘኑ ከስድስት ወር ማለፉ ብቻውን አይበቃም፤ የሐዘንተኛው ማኅበረሰብ፣ ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቁት ልክ በግልጽ ማለፍ አለበት። በሌላ በኩል በ1996 የታተመ አንድ የአሜሪካ ምሁራን ሥራ፣ ጤናማ ሐዘን የግድ ከሟቹ መቆራረጥ እንዳልሆነና ብዙ ወላጆች ከልጃቸው ጋር ያላቸውን ትስስር መልኩን ለውጠው እንደሚቀጥሉ አሳይቷል። ፍሮይድ በደብዳቤው የመሰከረው፣ የቻይናው የመቃብር በዓልና የኢትዮጵያው ተዝካርም ከጥንት የሚያውቁት ይህን ነው።

ሕግም በራሱ መንገድ የሐዘንን ልክ ይቀርጻል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሞተበት ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ያገኛል፤ የለንደኗ ኢትዮጵያዊት እናት አርባ ሳይደርስ ወደ ሥራ ትጠራለች ማለት ነው። በየካቲት 2024 ደግሞ በእንግሊዝ ከ24 ሳምንት በፊት ፅንሳቸው ለወረደባቸው ወላጆች፣ ከጠየቁ፣ የምስክር ወረቀት መስጠት ተጀመረ። ወረቀቱ ሕጋዊ መብት አይሰጥም። የሚለው ነገር አንድ ነው፤ ይህ ሕፃን ነበረ።

ለዚህ ነው በለንደን ሆስፒታል ልጁ ከሞተበት ወላጅ ፊት የሚቀመጥ ሐኪም፣ ቻይናዊ ዝም ይላል፣ ሐበሻ ይጮኻል ከሚል ዝግጁ መልስ መጀመር የማይገባው። ዝምታው ጽናት ወይም ክልከላ ሊሆን ይችላል፤ ጩኸቱም ሕመም ወይም መዳኛ። ይህን የሚለየው ወላጁ ራሱ ነውና፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ በእናንተ ዘንድ ልጅ ሲሞት ምን ይደረጋል? ከዚያስ ውስጥ ሳይደረግ የቀረባችሁ የትኛው ነው?