ፎቶው የሚለጠፈው የማን ነው?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባና ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ሕዝቡም ለጊዜው ሳቀ። ባንኩ ግን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱንና መዘዋወሩን ተናገረ፤ ቀነ ገደብ ሰጠ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ።

ውርደቱ ከፍርድ ቤት ቀድሞ ደረሰ።

ከረቫት ላሰረው ግን ማኅበረሰቡ ይሉኝታ አያጣም። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ የ70 ታላላቅ ኩባንያዎችን የሕግ ጥሰት በመጽሐፍ ያወጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ነበር። አሳታሚው ክስ ስለፈራ የኩባንያዎቹ ስም ተሰረዘ። ስማቸው ሳይሰረዝ የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ።